ትንፋሽን የሚመረምሩ ትናንሽ መሣሪያዎች

በታኅሣሥ ማለዳ በኢንጅባራ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚጎርፈውን ተማሪ የሚመለከት ሰው፣ ከእያንዳንዱ አፍና አፍንጫ ነጭ እንፋሎት ብቅ እያለ ሲጠፋ ያያል። ወደ ገበያ የሚነዱት ፈረሶችም እንዲሁ እንፋሎታቸውን እየለቀቁ ያልፋሉ። ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሞቅ ሲል ግን ያ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። ብርዱ ለአፍታ ያህል አቀዝቅዞ ያሳየን ከትንፋሽ ጋር የሚወጣውን ውሃ ብቻ ነበር። ከውሃው ጋር አብረው የሚወጡትን ልዩ ልዩ ጋዞች ብርድም ሙቀትም ለዓይን አይገልጣቸውም። እነርሱን ለይተው የሚያመለክቱ፣ በእጅ ተይዘው ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰዱ የሚችሉ መሣሪያዎች የተሠሩት በቅርብ ዘመን ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ወደነዚህ መሣሪያዎች እፍ ሲል ትንፋሹ ስለ ሕመሙ አንዳንድ ነገር ይናገራል። ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለይቶ ማወቅ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

«ትንፋሽ ይናገራል» ማለታችን እንግዳ አነጋገር አይደለም። ተነፈሰ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ፣ ነፋስ፣ ነፍስ የሚሉት ቃላት ሁሉ ነፈሰ ከሚለው ሥር የሚገናኙ ናቸው። ምሥጢር የሚነግረን ወዳጅ ደግሞ «ለማንም እንዳትተነፍስ!» ብሎ ያስጠነቅቀናል፤ በዚህ አገባብ መተንፈስ ማለት መናገር፣ የተሰወረውን ማውጣት ማለት ነው። የሳይንስ ሊቃውንት ይህን ስሜት በመሣሪያ ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

የጥንት ሐኪሞች የሕመምተኛን ትንፋሽ በአፍንጫቸው እያሸተቱ በሽታ ለመለየት ይሞክሩ ነበር። የስኳር በሽታ የጠናበት ሰው ትንፋሽ የፍራፍሬ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ እንዳለው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ፈረንሳዊው ላቯዚዬ መተንፈስ ከመንደድ ጋር የሚመሳሰል መሆኑን፣ ሁለቱም ኦክስጅን ወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሰጡ አስረዳ። ወደ ሳንባችን የሚገባው አየር ከመቶው 21 እጅ ገደማ ኦክስጅን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 እጅ ብቻ ነው። ከሳንባ ሲመለስ ግን ኦክስጅኑ ወደ 16 እጅ ዝቅ ይላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ወደ 4 እጅ ከፍ ይላል፤ ይኸውም መቶ እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው ሊቅ ላይነስ ፖሊንግ የሰው ትንፋሽ አቀዝቅዞና አጣርቶ ሲመረምር ወደ 250 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አገኘበት። ብዙዎቹ መጠናቸው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ማንም አልጠረጠራቸውም ነበር። የትንፋሽ ምርመራ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው ለማለት ይቻላል።

ነገሩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ እኛ አካባቢ እንዲመጣ አንድ ምሳሌ እናስብ። ከዳንግላ ከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት እናት ሳል ጸንቶባቸው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ነርሷ «እናቴ፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች። እርሳቸውም «ኧረ ልጄ፣ ዓመት አልፎታል፤ ጢሱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» ይላሉ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። በሦስት ጉልቻ ላይ በማገዶና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ፣ በጀርባቸው ሕፃን አዝለው ከምድጃው ሥር ሲጎነበሱ የኖሩ ሴት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል በሚወጣ የተበከለ አየር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ጢስ ለብዙ ዓመታት የሳንባን የአየር ቧንቧዎች ሲያቆስል፣ ቧንቧዎቹ ይጠብባሉ፤ ከዚያም ወደ ቀድሞ ስፋታቸው አይመለሱም። ይህ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 የ3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል።

ይሁን እንጂ ሳሉ ከአስምም ሊመጣ ይችላል። አስም የአየር ቧንቧውን የሚያጠብ ቢሆንም መጥበቡ የሚመላለስ፣ በመድኃኒትም የሚከፈት ነው። ሳሉ ከሳንባ ነቀርሳም ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ በሽታ፣ ሌላ መድኃኒት፣ ለቤተሰቡም ሌላ ሥጋት ነው። ለጆሮ ሦስቱም ሳል ናቸው። ሕመምተኛይቱ «ጢሱ ነው» ባሉ ቁጥር እውነተኛው በሽታ ከጢሱ በስተጀርባ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። በሀገራችን የሳንባ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ የማሠልጠን ሥራ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በመሆኑ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ሐኪም ማግኘት ዘበት ነው። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በእንግሊዝ አገር የተሠራውና ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ አንድ ሰው ምን ያህል አየር፣ በምን ፍጥነት ማውጣት እንደሚችል ይለካል። ይህም ታላቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን የወጣው አየር በውስጡ ምን እንደያዘ አይናገርም። የጋዝ ሴንሰሮች ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከትንፋሽ ጋዞች ሁሉ ለአስም ምልክት ሆኖ የተገኘው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣ መርዝ ሆኖ ብቻ ይታወቅ ስለ ነበር፣ የሰው አካል ራሱ ይሠራዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በኋላ ግን የደም ሥሮች እንዲሰፉ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ይኸው ጋዝ መሆኑ ተደረሰበት፤ ለዚህ ግኝት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሽልማቱ ቀደም ብሎ በ1991 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ጋዙ በሰው ትንፋሽ ውስጥ መኖሩን አሳዩ። በ1993 ደግሞ አስም ባለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ውስጥ መጠኑ ከፍ እንደሚል ተገለጸ። ምክንያቱም በአለርጂ የተቆጣው የአየር ቧንቧ ግድግዳ ጋዙን አብዝቶ ስለሚያመነጭ ነው።

መጠኑ ግን ምንኛ ትንሽ ነው! በአዋቂ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ከቢሊዮን እጅ ከ25 በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል፤ ለልጆች ወሰኖቹ 20 እና 35 ናቸው። አንድ ቢሊዮን ሴኮንድ 31 ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈልገው ልዩነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆነ ዕድሜ ውስጥ ሃያ አምስት ሴኮንድ እንደ መፈለግ ነው። ይህን መለካት የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዙ ነበሩ። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኒዮክስ ለተባለው የስዊድን መሣሪያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእጅ የሚያዝ ዓይነቱ ተከተለ።

በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ልብ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር ይባላል። አሠራሩ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። በትንሽ ሣጥን ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹን የነኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፕላቲነም ካለ ውድ ብረት የተሠሩ ኤሌክትሮዶች አሉ። የሚፈለገው ጋዝ በቀጭን ቀዳዳ ገብቶ ከአንደኛው ኤሌክትሮድ ሲደርስ ኬሚካዊ ለውጥ ያደርጋል፤ በዚህም ጊዜ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ሲያልፉ እጅግ ደካማ የሆነ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። የጋዙ መጠን በጨመረ ቁጥር ጅረቱ ይጨምራል። መሣሪያው ያንን ጅረት አጉልቶ፣ ወደ ቁጥር ለውጦ በመስኮቱ ላይ ያሳያል።

አተነፋፈሱም ሥርዓት አለው። ሕመምተኛው በማጣሪያ በኩል ጥሩ አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያም በሴኮንድ 50 ሚሊ ሊትር በሆነ ፍጥነት፣ ሳያቆምና ሳይቸኩል ለ10 ሴኮንድ ያህል እፍ ይላል። በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ፍጥነቱ እንዲህ የተወሰነበት ምክንያት አለ። ናይትሪክ ኦክሳይዱ የሚመነጨው ከቧንቧው ግድግዳ ስለሆነ፣ አየሩ በዝግታ ሲያልፍ ብዙ ጋዝ ይቀበላል፤ በፍጥነት ሲያልፍ ደግሞ ጥቂት ብቻ ይዞ ይወጣል። ወንዝ ዳር እንደሚያጥብ ሰው ነው፦ ዝግ ብሎ የሚወርደው ውሃ ይደፈርሳል፣ የሚቸኩለው ግን ቶሎ ይጠራል። በአፍንጫ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ ከሳንባው እጅግ ስለሚበልጥ፣ እርሱ እንዳይቀላቀል አፍ ላይ የሚገጠመው ቱቦ ትንፋሹን በመጠኑ ይቋቋመዋል፤ በዚያ ግፊት ለስላሳው ላንቃ ተነሥቶ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል። ተንኮለኛ የሚያሰኝ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ጋዝ እንሻገር፤ ለአዊ ዞን ሰው ከናይትሪክ ኦክሳይድ ይልቅ ቅርቡ ይኸኛው ይመስለኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው፣ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለው የግራር ዓይነት ለብዙ ዓመታት በማሳ ላይ ሲተከል፣ ሲከሰልና ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲጫን ቆይቷል። ከሰል ንግድ ብቻ አይደለም፤ በብርድ ወቅት የቤት ማሞቂያም ነው። ሰዎች ከሰልን የሚወዱት ጢስ ስለሌለው ነው። ከማንደጃው ላይ ፍሙ ቀልቶ ሲታይ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ስለዚህ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ማንደጃውን ከአልጋው አጠገብ አድርጎ መተኛት አደጋ የሌለው ይመስላል። አደጋው ግን በዚህ ጊዜ ይብሳል። ከሰል አየር አጥሮት ሲነድ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይወጣል። ይህ ጋዝ ኦክስጅንን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ የጉልበት መክዳት ይከተላሉ፤ ቀጥሎም እንቅልፍ የሚመስል ሞት ይመጣል። «የከሰል ጢስ አፈናቸው» እየተባለ የሚነገረው ዜና መነሻው ይህ ነው፤ ምንም እንኳ ያፈናቸው ነገር በእርግጥ ጢስ ባይሆንም።

በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን መከራ ቀድመው ያውቁት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሆልዴን ማዕድን ቆፋሪዎች ትንንሽ ወፎችን በጎጆ ይዘው እንዲገቡ መከረ። ካናሪ የተባለችው ወፍ ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ ጋዙ ከሰው አስቀድሞ ይጥላታል፤ ወፏ ስትወድቅ ሰዎቹ ይሸሻሉ። በብሪታንያ ማዕድን ቤቶች ካናሪዎች በመሣሪያ የተተኩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ተንቀሳቃሽ የጋዝ ሴንሰር የሚለውን ስም ካየነው፣ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ የጋዝ ሴንሰር ላባ ነበረው ማለት ነው።

ዛሬ ከደም ውስጥ የገባውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከትንፋሽ መለካት ይቻላል፤ ምክንያቱም ጋዙ ከደም ወደ ሳንባ እየተመለሰ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ነው። ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ከደሙ ውስጥ ግማሹን ለማስወጣት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል፤ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። ሕመምተኛው ጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ይይዝና ወደ መሣሪያው እፍ ይላል፤ ውጤቱም ከሚሊዮን እጅ ስንት እንደሆነ ይታያል። የማያጨስና ጢስ ያልነካው ሰው ውጤት ጥቂት አኀዝ ብቻ ነው። በኮቪድ ዘመን ብዙዎቻችን ያወቅነው፣ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ረገድ አሳሳች መሆኑን ማወቅ ይገባል። እርሱ የደምን ቅላት እንጂ ቅላቱ ከኦክስጅን ይሁን ከካርቦን ሞኖክሳይድ መምጣቱን አይለይምና፣ ለታፈነ ሰው «ደኅና ነው» ብሎ ሊመሰክር ይችላል። የትንፋሹ መሣሪያም የራሱ ድክመት አለበት። ሃይድሮጅን የተባለውን ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፤ ወተት የማይስማማው ሰው ወተት ጠጥቶ ሲመጣ ደግሞ በአንጀቱ ውስጥ የተፈጠረው ሃይድሮጅን ከትንፋሹ ጋር ይወጣል።

በገበያ ላይ ርካሹ ሴንሰር ግን ሌላ ነው። በጃፓን አገር የቤት ጋዝ እየፈነዳ ሰው ይፈጅ በነበረበት ዘመን ናኦዮሺ ታጉቺ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ ዘዴ አስመዘገበ። ዘዴው የጋለ የቆርቆሮ ኦክሳይድን ይጠቀማል። ይህ ንጥረ ነገር በጥቂት መቶ ዲግሪ ሲግል የአየሩ ኦክስጅን ከገጹ ላይ እየተለጠፈ ኤሌክትሮኖቹን ይወስድበታል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይከብደዋል። የሚነድ ጋዝ ሲመጣ ከተለጠፈው ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ኤሌክትሮኖቹም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሪኩ እንደገና ይፈስሳል። ዋጋው ትንሽ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ጉድለቱ አድሏዊ አለመሆኑ ነው፤ አልኮልንም፣ የምድጃ ጢስንም፣ ሽቶንም በአንድነት ይቀበላል። ለማጋያውም ብዙ ባትሪ ይበላል።

ሦስተኛው ዘዴ ብርሃን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዓይን የማይታየውን ታሕተ ቀይ ጨረር፣ በተለይም የሞገድ ርዝመቱ 4.26 ማይክሮሜትር የሆነውን ይውጣል። በቱቦው አንድ ጫፍ ጨረሩን ልኮ በሌላው ጫፍ የተረፈውን መለካት ብቻ ነው። ሐኪሞች በዚህ ዘዴ የአንድን ሰው ትንፋሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ኮረብታ በሚወጣና በሚወርድ መሥመር ይመለከታሉ፤ ቧንቧው የጠበበ ሰው ኮረብታ አቀበቱ የተንጋደደ ነው።

እዚህ ላይ የቦታው ነገር ይነሣል። ኢንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዳንግላ ደግሞ ወደ 2100 ሜትር ግድም ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በዳንግላ ከፍታ ወደ 590፣ በኢንጅባራ ከፍታ ወደ 560 ይወርዳል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አሁንም ከመቶው 21 እጅ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ራሱ ሳስቷል። በአንድ ጣሳ የባሕር ዳርቻ አየር ውስጥ አራት ሞለኪውል ቢኖር በኢንጅባራው ጣሳ ውስጥ ሦስት ብቻ ይገኛል ብለን እናስብ። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ አገር ተሠርቶ፣ እዚያው ተስተካክሎ የመጣ የጨረር መሣሪያ በኢንጅባራ ምን ይሆናል? እርሱ የሚቆጥረው ጨረሩ በመንገዱ ያገኛቸውን ሞለኪውሎች ነው። ከመቶው 4 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ትንፋሽ ቢሰጠው፣ ሞለኪውሎቹ ስለሳሱ 3 እጅ ገደማ ብቻ አድርጎ ሊያነብበው ይችላል። ሕመምተኛው አልተለወጠም፤ መሣሪያውም አልተሰበረም፤ የተሳሳተው የአገሩን ከፍታ አለማወቁ ነው። ስለዚህ ደኅና መሣሪያ የአየር ግፊት መለኪያ አብሮት ይሠራለታል፤ ያ ከሌለው መጠኑ የታወቀ ጋዝ ከብልቃጥ እየሰጡ በቦታው ማስተካከል ያስፈልጋል።

በማለዳ ያየነው ነጭ እንፋሎትም ችግር አለው። ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ ሞቃትና ውሃ የጠገበ ነው። ሌሊቱን በብርድ ያደረ መሣሪያ ሲነካው ውሃው ጠብታ ሆኖ በሴንሰሩ ላይ ይቀራል፤ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ በቆርቆሮ ኦክሳይዱም ላይ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። በተቃራኒው በበጋ ደረቅ አየር ውስጥ ለወራት ተረስቶ የተቀመጠ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር ፈሳሹ እየተነነ ይዳከማል። አምራቾቹ በመመሪያቸው ላይ ስለ ሙቀትና ስለ እርጥበት የሚጽፉት ቃል በብዙ ቦታ ሳይነበብ የሚቀር ነውና፣ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

ከመሣሪያው ሌላ የሰዉም ነገር አለ። አሜሪካዊቷ ሲንትያ ቢል ከባልደረቦችዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በአምባራስ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን መጠን ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። የደቡብ አሜሪካ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ግን በእንዲህ ያለ ከፍታ ይጨምራል። እኒሁ ተመራማሪ ከአንድ ዓመት በፊት ባወጡት ሌላ ጥናት የቲቤትና የቦሊቪያ ደገኞች ትንፋሽ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከቆለኞች ይልቅ ከፍ ብሎ መገኘቱን አስታውቀዋል። ከዚህ ተነሥተን ስናስብ፣ 25 እና 50 የተባሉት ወሰኖች በአውሮፓና በአሜሪካ ቆላ ሰዎች ላይ የተወሰኑ በመሆናቸው፣ በእኛ ደጋ እንዳሉ ከመወሰዳቸው በፊት ጤነኛው የኢንጅባራ ሰው ስንት እንደሚያወጣ መለካት ይቀድማል። እኔ ተማሪ ብሆን ኖሮ ለጥናት የምመርጠው ይህን ጥያቄ ነበር።

አንድ ጋዝ ብቻውን ብዙ ካልተናገረ፣ ብዙ ጋዞች አንድ ላይ ይናገሩ ይሆናል የሚል አሳብም አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝ የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፐርሶድና ዶድ፣ ጥቂት ዓይነት ሴንሰሮችን አሰልፈው ሽታዎችን ለመለየት ቻሉ። ይህ የኤሌክትሮኒክ አፍንጫ ተባለ። እያንዳንዱ ሴንሰር ብቻውን አድሏዊ ባይሆንም፣ የሁሉም መልስ ሲገጣጠም ለእያንዳንዱ ሽታ የተለየ መልክ ይሰጣል። አፍንጫው ግን የተማረውን ነው የሚያውቀው። ሕመምተኞቹ ሁሉ ጢስ ካለበት ቤት፣ ጤነኞቹ ሁሉ ጢስ ከሌለበት ቤት ተመርጠው ቢሰጡት፣ በሽታውን ተማርሁ ብሎ የሚለየው የማገዶውን ሽታ ይሆናል። በዚህ ስሕተት ከላቦራቶሪ ውጭ የወደቁ ብዙ ሙከራዎች አሉ።

በአገራችን የሽታን ነገር በተግባር ያሳየው መሣሪያ ሳይሆን አይጥ ነው። አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን አክታ በሽታ እንዲለዩ ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በአዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር ተባብሮ ይህንኑ ሥራ አቋቁሟል። አንድ አይጥ 100 ናሙና በ20 ደቂቃ ያሸታል፤ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ባለሙያ ለዚህ ቀናት ይፈጅበታል። አይጡ ያመለከተው ናሙና ግን እንደገና በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ማንም መድኃኒት አይጀምርም። የሚሸተውም አክታ እንጂ ትንፋሽ አይደለም። ነቀርሳን ከትንፋሽ ብቻ በእርግጠኝነት የሚለይ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚያገለግል መሣሪያ እስካሁን አልተገኘም።

ወደ ዳንግላዋ እናት እንመለስ። ነርሷ የትንፋሽ መሣሪያ አላት እንበል። ከመለካቷ በፊት ልትጠይቃቸው የሚገባ ነገር አለ፦ ዛሬ ጠዋት እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር? ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በቤት አለ? ከጥቂት ሰዓት በፊት ምን ተመገቡ? ናይትሬት የበዛባቸው ቅጠላ ቅጠሎች ናይትሪክ ኦክሳይዱን ከፍ ያደርጉታል፤ ማጨስና በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ደግሞ ዝቅ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ሦስት ጊዜ ሞክረው፣ ሁለት ጊዜ በሳል ተቋርጠው በመጨረሻ በደንብ እፍ አሉ። የናይትሪክ ኦክሳይዱ ቁጥር 14 ሆነ፤ ዝቅተኛ ነው። ይህ በአለርጂ የሚመጣውን የአስም ዓይነት ያርቀዋል እንጂ አስምን ሁሉ አያጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ 17 ሆነ፤ ሲጋራ ላልነካ ሰው ብዙ ነው፤ ከምድጃው ተነሥተው መምጣታቸውን ይመሰክራል። ነርሷ ስለ ጭስ ማውጫና ስለተሻሻለ ምድጃ ትነግራቸዋለች፤ ለስፓይሮሜትር ምርመራም ወደ ሆስፒታል ወረቀት ትጽፍላቸዋለች። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ በመሆኑ ደግሞ አክታቸውን በዕቃ ተቀብላ ወደ ላቦራቶሪ ትልከዋለች። የአክታው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ትንፋሻቸው ስለ ነቀርሳ የነገራት አንዳችም ነገር የለም።